ጎሚስታው የፈተሸው ኮምፒውተር

ነቀምቴ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ቪዲዮ ሳቀናብርበት እንደ ምጣድ የሚግለውን ኮምፒውተሬን በውሃ ላቀዝቅዘው ብዬ፣ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል በፈታሁት ራዲያተርና በቀጭን ቱቦ አንድ ነገር ሠራሁለት። ክረምቱ ሲገባ ማፍሰስ ጀመረ። ሳምንት ሙሉ መጋጠሚያዎቹን ባጠብቅም፣ ጠዋት ስነሳ ሳጥኑ ላይ ውሃ አገኛለሁ። ሲያቅተኝ ተሸክሜው ጎረቤቴ ጎሚስታው ኦቦ ገመቹ ጋ ሄድኩ።

አይተውት ሳይጨርሱ፣ የተነፈሰ ጎማ የሚፈትሹበትን የውሃ ገንዳ አሳዩኝ።

"አምጣው እንንከረው። አረፋ ከወጣበት እሱ ጋ ነው።"

"ኦቦ ገመቹ! የልጅዎ ሰርግ እኮ እዚህ ውስጥ ነው ያለው!"

"ያ ዋቃ ኮ!" ብለው አምላካቸውን እየጠሩ ኮምፒውተሩን እንደ ጨቅላ አቀፉት።

ከዚያ ውሃውን አፍስሰው፣ መጋጠሚያዎቹን በጣታቸው ሳሙና እየቀቡ ቱቦውን ጉንጫቸው እስኪቀላ ነፉት። አንድም አረፋ አልወጣም።

"ይሄ አያፈስም" አሉኝ።

አልተዋጠልኝም። ቤት ድረስ ይዣቸው መጣሁ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ኮምፒውተሩን ቦታው መልሰን፣ ጎንበስ ብለው ሲመረምሩት መላጣቸው ላይ ውሃ ጠብ አለ። ቀና ብለው የጣሪያዬን ቆርቆሮ አዩት።

"ይሄንንስ" አሉ፣ "ገንዳዬ አይችለውም።"