ሶፋውና ፍየሏ

ባቡር መሪ የለውም። ይህ ሲነገራቸው የማያምኑ ብዙ ሰዎች አሉ። ነጂው ፍጥነት ይሰጣል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ጥሩምባ ይነፋል፤ የት ጋ እንደሚታጠፍ የወሰነው ግን ድሮ ሀዲዱን ያነጠፈው ሰው ነው። የዚህ ታሪክ ባለቤት ሠላሳ ዓመት ያህል ባቡር እየነዳ ሰው ሲያመላልስ ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ዛሬ በዚህ ልታጠፍ» ብሎ አያውቅም። ጎረቤቶቹ «ሀዲዱ» ይሉታል። ሲራመድም ቀጥ ብሎ ነው፤ ኩሬ ቢያጋጥመው ከመዞር መሃሉን ረግጦ ማለፍ ይቀለዋል እያሉ ይቀልዱበታል።

ጡረታ ሲወጣ ቤቱ ጠበበው። ጠዋት ሻዩን ፉት ይልና በር ላይ ይቆማል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ዜናው ሳያልቅ ይዘጋዋል። ቁም ሳጥኑን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲያዞር የሳጥኑን አንድ እግር ሰበረ። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ የምትሠራውም እዚያው ቤታቸው የፊተኛው ክፍል ውስጥ ነው። ደንበኛ በተቀመጠ ቁጥር ሀዲዱ ከጓዳ ብቅ ይልና መስተዋቱን ያቃናል፣ የማድረቂያውን ገመድ ይነካካል፣ «የዚህ ነገር ድምፅ አላማረኝም» ይላል። አንድ ቀን ማድረቂያ ውስጥ የተቀመጠች ሴትዮ፣ «ባቡሩ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው?» ብላ ክፍሉን በሳቅ አናጋችው።

እሱ አልሳቀም። ሚስቱም አልሳቀችም።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ደንበኛዋ ከወጣች በኋላ፣ «ወይ ግባ ወይ ውጣ! በር ላይ ተገትረህ ብርሃን አትከልክለኝ።»

«ወጥቼ የት ልሂድ?»

«እኔ ምን አውቄ? አንተ ዕድሜህን ሙሉ ተቀምጠህ ኖረሃል፣ የቆምኩት እኔ ነኝ። አሁን መቆም ብርቅ ሆነብህ?»

ታናሽ ወንድሟ ለረጅም መንገድ ተጓዦች ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ያከራያል። ደወለችለትና፣ «ይሄን ሰው ወስደህ አንድ ነገር ላይ አስቀምጥልኝ፤ እግሩ አላርፍ ብሏል» አለችው። የምሯን ይሁን በምሬት ብቻ የተናገረችው እሷም አታውቅም። ወንድሟ ግን የምሯን አድርጎ ወሰደው። ሀዲዱን ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ በትንሿ ሞተር ማለማመድ ጀመረ። ለመንጃ ፈቃድ ሲፈተን፣ በተደረደሩት ኮኖች መሃል መጠማዘዝ ሲገባው ሁሉንም እየጣለ ቀጥ ብሎ አለፈባቸው። ፈታኙ ኮኖቹን እየለቀመ፣ «አባት፣ በፊት ሥራዎ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው አለፈ።

በዚያው ሰሞን ወንድምየው ያረጁትን በአዲስ ሊተካ ስለነበር፣ ለዘመድ በዘመድ ዋጋ የሚሸጣቸው ሁለት ትልልቅ ሞተሮች ነበሩት። አንደኛው ዝቅ ያለ፣ ግዙፍ፣ ከኋላ መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለው ነው፤ ሶፋው ይሉታል። ሁለተኛዋ እግሯ የረዘመ፣ ወገቧ የቀጠነ፣ ድንጋይም አስፋልትም የማትመርጥ ናት፤ እሷ ደግሞ ፍየሏ ናት።

«አንዱን ምረጡና ውሰዱ» አላቸው። «ግን ጋሼ፣ ሳይሞክሩ እንዳይወስዱ። ሞተር እንደ ጫማ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ልክ የሆነ መንገድ ላይ ይነክሳል።»

«መንገዱ አንድ ይሁን» አለች ሚስትየው። «በአንዱ እንሄዳለን፣ በሌላዋ እንመለሳለን። ከኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝና እኔም እመርጣለሁ።»

ስለዚህ ከተራራው ማዶ፣ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማ ወደምትኖረው ልጃቸው ሊሄዱ ተስማሙ። ባልና ሚስቱ በሶፋው፣ ወንድምየው በፍየሏ ተነሡ።

ሶፋው በሜዳው ላይ ንጉሥ ነበር። የፊት መስታወቱ ነፋሱን ከራሳቸው በላይ አሻግሮ ይወረውረዋል። ሞተሩ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ድም ድም ይላል። የመንገዱ ጉድጓድ ወንበሩ ጋ ሲደርስ ጉድጓድነቱን ረስቶ ይደርሳል። ሚስትየው መጀመሪያ ወገቡን ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ኋላ ለቀቀችው፣ ተደገፈች፣ እግሯን ዘረጋች። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሰው ናትና እንዲህ ያለ መቀመጥ ከተቀመጠች ቆይታለች። ነዳጅ ሲቀዱ ሄልሜቷን አውልቃ፣ «ይሄ ነው! ሌላውን ማየትም አያስፈልግ» አለች። ጉንጯ ቀልቶ ነበር።

ሀዲዱ ራሱን ነቀነቀና የነዳጁን ክዳን ገጠመ። ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ እጁ ሥራ ፈትቶ ነበር። ምቾቱን ሰውነቱ ወዶታል፤ ጀርባው አልደከመም፣ ክንዱ አልዛለም። ግን መንገዱ ከፊቱ እየተተረተረ ሲመጣ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ወደ ኋላ ሲሮጥ፣ ይህን ወንበር ከዚህ በፊት የሚያውቀው መሰለው። ተራራው ሲጀምር ደግሞ ሶፋው መታጠፍ አልወደደም። ሀዲዱ በትከሻው ይገፋዋል፣ ሶፋውም እንደ ከበደ ዕቃ እያመነታ ይዞራል፤ ጠበብ ባለው ኩርባ ላይ የእግር መርገጫው አስፋልቱን ፋቀውና የእሳት ፍንጣሪ ወጣ። ሚስትየው ይህን አላየችም። እሷ እንቅልፍ እየወሰዳት ነበር።

ልጃቸው ቤት ምሳ ሲበሉ ልጅቷ ሹካዋን አስቀመጠችና፣ «አባዬ፣ ጉልበትህ ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጠው ነው» አለችው። «ደከመህ እንዴ?»

«አልደከመኝም» አለ። «ችግሩ እሱ ነው።»

በማግስቱ ተለዋወጡ። ፍየሏ ላይ መውጣቱ ራሱ አጥር መዝለል ነበር። መሬት የሚደርሰው በእግሩ ጣት ብቻ ነው። ሚስቱ ከኋላው ተንጠላጥላ ከወጣች በኋላ ገና ከከተማው ሳይወጡ ማማረር ጀመረች፤ ወንበሩ ጠባብ ነው፣ ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደርሷል፣ ነፋሱ ከግራም ከቀኝም ይመታታል።

«ድንጋይ ላይ ነው እንዴ ያስቀመጥከኝ?» እያለች በጆሮው ትጮኻለች።

«ምን አልሽ?»

«ድንጋይ!»

ከመነሣታቸው በፊት ወንድምየው፣ «ጋሼ፣ ኩርባ ላይ ጎማውን አይዩ። መውጫውን ይዩ፣ እሷ ዓይንዎ ወደሄደበት ትሄዳለች» ብሎት ነበር። ሀዲዱ ነገሩን ለማጽናኛ የተነገረ ወሬ አድርጎ ሰምቶታል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ግን አንገቱን አዙሮ የመንገዱን መውጫ ሲያይ፣ ፍየሏ ከሥሩ ጋደል አለችና ዞረች። አልገፋትም። አልታገላትም። ብቻ አያት። ለሁለተኛው ኩርባ ቸኮለ፤ ሦስተኛው እስኪደርስ መታገሥ አቃተው። ሄልሜቱ ውስጥ ድምፅ ሰማና ማን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት፤ የሚስቀው ራሱ ነበር።

ሚስቱ ጀርባውን ደበደበችው። «ቀስ በል! አብደሃል?»

አናቱ አካባቢ፣ ዳገት ላይ፣ ከኋላቸው የሚመጣ የጭነት መኪና ለማሳለፍ ዳር ይዞ ቆመ። መሬቱ ያጋደለ መሆኑን አላስተዋለም። እግሩን ሲዘረጋ መሬት የለም። ፍየሏ ቀስ ብላ፣ እንደሚተኛ ሰው፣ ሁለቱንም ይዛ ኮረኮንቹ ላይ ተጋደመች።

ወንድምየው ሶፋውን አቁሞ እየሮጠ መጣ። የከፋ ነገር አልነበረም፤ የሚስትየው ጉልበት ተላጠ፣ አንድ መስተዋት ተሰበረ። ሀዲዱ ሚስቱን ሊያነሣት ሞከረ።

«ተወኝ አትበይኝ፣ ልይልሽ፤ ደማሽ?»

«ተወው» አለች መሬት ላይ እንደተቀመጠች። ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር። ግን ሄልሜቱን ሲያወልቅ ፊቱን አየችው። ላብ አጥምቆታል፣ ቀለሙ ጠፍቷል፣ ዓይኑ ግን ወደ ወጣትነቱ ተመልሷል። ይህን ዓይን ከጡረታው ወዲህ አላየችውም፤ እንዲያውም ከዚያ በፊትም ብዙ ዓመት አላየችውም። ቁጣዋ መንገድ ላይ ቀረ።

«እኔ በዚች አልመለስም» አለች አቧራዋን እያራገፈች። «ከወንድሜ ጋር እሄዳለሁ። አንተ ከፍየልህ ጋር ና።»

ብቻውን ሲሆን ፍየሏ ሌላ ፍጥረት ሆነች። ቀለለች፣ ታዘዘች፤ ቁልቁለቱን እንደ ውሃ ወረደችው። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ያልተሰበረውን መስተዋት ደጋግሞ ያያል፤ ሶፋው ከተሰወረ ይቆማል፣ ከታየ ይፈተለካል። ከተራራው ሥር ቀድሟቸው ደረሰና እስኪመጡ ድረስ በሞተሯ ዙሪያ ሲንጎራደድ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ምርጫው እንቅልፍ ነሳው። ሄዶ ጋራዡ ውስጥ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ ይወርዳል፣ ፍየሏ ላይ ይወጣል። ለሚስቱ «ሶፋውን እንውሰድ፣ አንቺ ይመችሻል» ይላታል፤ ተነሥቶ ሲወጣ ደግሞ በሩ ላይ ይቆማል። ወንድምየው፣ «ጋሼ፣ ገዢ ይመጣብኛልና ይቁረጡ» አለው።

ቆርጣ የነገረችው ሚስቱ ናት፤ የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ፍየሏን ውሰድ።»

«አንቺስ?»

«ለእኔ ብለህ ሶፋውን ብትገዛ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠህ ፊትህን ስትጥል የማየው እኔው ነኝ። አልፈልግም። ግን እግርህ መሬት ሳይደርስ እንዳላይህ። ለእኔም ወፍራም ስፖንጅ አስገባልኝ።»

ፍየሏን ገዝቶ የሞተር ወንበር የሚሰፋ ሰው ዘንድ ወሰዳትና የፊተኛውን ወንበር ዝቅ፣ የኋለኛውን ሰፋ አስደረገው። ፍየሏ ሶፋ አልሆነችም፤ ሚስትየውም ወደድኳት ብላ አታውቅም። ሜዳውን አብራው ትሄዳለች፣ ተራራው ሥር ስትደርስ ግን ትወርዳለች። እዚያ ዛፍ ጥላ ውስጥ ወንበር የሚዘረጋ ሻይ ቤት አለ። እሷ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላ ትቀመጣለች፣ እሱ ወደ ላይ ይወጣል። የሞተሯ ድምፅ ከኩርባ ወደ ኩርባ እየቀጠነ ሲሄድ ትሰማዋለች፤ ሲጠፋባት ልቧ አንዳንዴ ይደነግጣል፣ ለእሱ ግን አትነግረውም። ተመልሶ ሲመጣ ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ስለ አንዱ ኩርባ ያወራላታል፣ መሃል ላይ ወሬውን ያቋርጥና አንጋጦ ወደ ተራራው ያያል።

«ሂድ በቃ፣ ድገመው» ትለዋለች። «ሻዬን አልጨረስኩም።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ እሱ ብድግ ብሎ ቆሟል።