በድምፅ የተሸነፈችው ነርስ

የተያዝኩት በሆላንድ፣ ሄግ ከተማ ውስጥ፣ ትራንስቫል ከሚባለው ሠፈር ገበያ ወጥቼ ትራም ስጠብቅ ነው። በእጄ ቃሪያና ጎመን የያዘ የላስቲክ ከረጢት ነበር። ፖሊሶቹ ትሑቶች ነበሩ። የመኖሪያ ፈቃዴን ጠየቁኝ፣ ጊዜው ማለፉን አዩ፣ አንደኛው ከረጢቱን ተቀብሎ ያዘልኝ፣ ከዚያም መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝ። አገሬ ላይ ሊያስሩኝ የመጡት ሰዎች እንዲህ ስላልነበሩ፣ ይህም እስራት መሆኑን ለመረዳት ጥቂት ቆየሁ።

ጣቢያው ስንደርስ አንድ መኮንን ጉዳዬን በእንግሊዝኛ አስረዳኝ። የጥገኝነት ጥያቄዬ ውድቅ ሆኗል፤ ይግባኜን የያዘው ጠበቃ ለዕረፍት ከአገር ወጥቷል፤ ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ይህን ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም። እኔ በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በራሪ ወረቀት አሠራጭተሻል ተብዬ ታስሬ የተፈታሁ፣ ከተፈታሁም በኋላ በእግሬ ድንበር የተሻገርኩ ሰው ነኝ። አብረውኝ ከታሰሩት መካከል ከዚያ ሳይወጡ የቀሩ አሉ።

ነጠላ ክፍሎቹ በዚያ ቀን ሞልተው ስለነበር ሰፋ ወዳለ ክፍል ወሰዱኝ። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ አየሩ የወለል ማጽጃ ይሸታል። ግድግዳውን ተጠግቶ በተሠራው አግዳሚ ላይ አራት ሴቶች ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። እስረኛ እንዲህ ሲስቅ አይቼ ስለማላውቅ በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

የፊሊፒንስ ሰዎች ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት በአገራቸው ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አንነሣም ብለዋል። የአገራቸውን ገዥ በአደባባይ በመቃወማቸው ኤምባሲው ፓስፖርታቸውን አላድስም ብሏቸው ነበር። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሴት ማኒላ ውስጥ እኛ ግብረ ገብ የምንለውን ዓይነት ትምህርት ያስተምሩ እንደነበር ነገሩኝ። ወታደራዊ አዋጅ ሲታወጅ የዜጋን ግዴታ ብቻ እንዲያስተምሩ፣ መብቱን ግን እንዲዘልሉ ታዘዙ። አልዘለሉም፤ ታሰሩ። ሌሎቹ ለአክብሮት ማም ይሏቸዋል። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም፣ እኔ በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማነጋግራቸው። ሁለቱ አምስተርዳም ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉ እኅትማማቾች ናቸው። አራተኛዋ ሮተርዳም ሆስፒታል የምትሠራ፣ ፊቷ ቶሎ የማይፈታ ነርስ ነበረች።

ከቀትር በኋላ ጠባቂው ሻይ፣ ዳቦና ቁራጭ ቁራጭ ስኳር ይዞ ገባና አራቱም አባል የሆኑበት ማኅበር ጠበቃ በስልክ ያለውን ነገራቸው። ጠበቃው ወደዚህ እየመጣ ነው፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤት ሳይዘጋ ለዳኛ ሊያቀርብ የሚችለው አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ነው። የእነርሱ አስቸኳይ ጉዳይ የነርሷ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዷ በዚያው ሳምንት ያልቃል፤ ያልታደሰ ፓስፖርት ይዛ ፈቃድ አታገኝም፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ ሆስፒታሉ አያሠራትም።

መምህርቷ ወደ እኔ ዞር ብለው የእኔ ጉዳይ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ ሁለት ጉዳይና አንድ ጠበቃ ስላለን በድምፅ እንወስናለን አሉ። አገራቸው ታስረው ሳሉ፣ በመስኮቱ ሥር የሚተኛው ማን እንደሆነ እንኳ ሴቶቹ የሚወስኑት በድምፅ ነበር።

ድምፅ የሚለውን ቃል እንደሰማሁ እጄ ወጣ።

“ልጄ፣ ጥያቄውን ገና አላቀረብኩም እኮ” አሉ።

እኅትማማቾቹ ሳቁ። ነርሷ ግን አልሳቀችም፤ “ይቺ ለመንግሥት የምትመች ዜጋ ናት” አለች፤ “ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ትደግፋለች።”

እጄን አወረድኩ። በቀበሌያችን ስብሰባ እጁን ያዘገየ ሰው በዓይን ይፈለግ እንደነበር፣ አንዳንዱም ከስብሰባው ወደ ቤቱ እንዳልተመለሰ በአጭሩ ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ። መምህርቷ ዛሬ እዚህ ማንም እጅ አያወጣም አሉ። ፊታችንን ወደ ግድግዳው እናዞራለን፤ በየተራ እየተነሣን በአንድ ባዶ የሻይ ኩባያ ውስጥ እንጥላለን፤ ስኳር የጣለ ለእኔ፣ የዳቦ ቁራሽ የጣለ ለነርሷ።

ነርሷ አንድ ተቃውሞ አለኝ አለች። ተቃውሞዋን ስትናገር ታይ የነበረው እኔን ነው።

“ማም፣ ጠበቃው የማኅበራችን ነው። እሷ አባል አይደለችም። የአገራችን ሰውም አይደለችም። በእኛ ነገር እንዴት ድምፅ ትሰጣለች?”

“በሩ ሲቆለፍ እሷን ለይቶ ውጭ አስቀራት?” አሉ መምህርቷ። “ቁልፉ የዘጋበት ሁሉ የዚህ ክፍል ዜጋ ነው። ኤምባሲው ደጃፍ ላይ ምን ስንል ነበር የዋልነው? ዜግነታችንን ማንም ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጠን፣ ሲቆጣም የሚነጥቀን ነገር አይደለም ስንል አይደል? ታዲያ እኛ ከእሷ እንንጠቅ?”

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች፤ መስማማቷ ነበር። ቀጥላም ስለ ራሷ ተከራከረች። የእሷ ጉዳት የተረጋገጠ ነው፤ የእኔ ግን አጠራጣሪ ነው፤ በረራ ሊሰረዝ ይችላል፣ የፈቃድ ቀን ግን ከማለቅ አይቀርም፤ ማኒላ ውስጥ ልጆቿና እናቷ የሚበሉት ከእሷ ደመወዝ ነው። ክርክሯ ጥሩ ነበር። መምህርቷ አንቺም ተናገሪ አሉኝ። ብዙ ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረኝም፤ ከተመለስኩ ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አይመስለኝም አልኩ።

ፊታችንን ወደ አረንጓዴው ግድግዳ አዞርን። ተራዬ ሲደርስ ስኳር ጣልኩ። በሕይወቴ ማንም ሳያየኝ የሰጠሁት የመጀመሪያው ድምፅ ነው፤ ለራሴ ሰጠሁት።

ሦስት ስኳር፣ ሁለት ዳቦ። መምህርቷ ማን ምን እንደጣለ አልጠየቁም። ነርሷ ግን ራሷ፣ “እኔ ዳቦ ነው የጣልኩት” አለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ተጠጋች። ጠበቃው አዛውንት መሆኑን፣ እንግሊዝኛ ሲነገረው ግማሹ እንደሚያመልጠው፣ ከሁላቸውም ይበልጥ የአገሩን ቋንቋ፣ ደችኛን፣ የምትችለው እሷ ስለሆነች አብራኝ እንደምትገባ ነገረችኝ።

እስኪመጣ ድረስ አላረፈችም። አዲስ በሽተኛ እንደምትቀበል ሆና ጠየቀችኝ፤ መቼ ታሰርሽ፣ የት፣ ማን መረመረሽ፣ ምን ምልክት ቀረብሽ፣ ማን አይቶታል? መልሴ ሲንዛዛ እያቋረጠች፣ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ እያስተካከለች፣ መላልሳ አስነገረችኝ። ስለ ራሷ ጉዳይ ብትገባ ኖሮ ከዚህ የበለጠ ልትዘጋጅ አትችልም ነበር።

ጠባቂው በሩን ሲከፍት አንገቴን ደፍቼ ተነሣሁ። ነርሷ ያዘችኝ። ያለቦታው የተቆለፈውን የካፖርቴን ቁልፍ ፈትታ አስተካክላ ቆለፈችው።

“ቀና በዪ” አለችኝ። “ልትለምኚ አይደለም የምትሄጂው። ተመርጠሽ ነው።”

ቀና ብዬ ወጣሁ።

ጠበቃው ፊት ሁሉንም ሳታዛንፍ በደችኛ ተረጎመችልኝ። ጽፎ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ፣ የአንቺስ ፈቃድ እንዴት ሊሆን ነው ብሎ ጠየቃት። ዛሬ የተወሰነው የእሷ ጉዳይ ነው አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሲመሽ ጠባቂው ዳኛው ጉዞዬን ማገዱን ነገረኝ።

ነርሷ ሥራዋን አጣች። ፈቃዷ ከብዙ ጣጣ በኋላ እስኪመለስላት ድረስ እኅትማማቾቹ በሚሠሩበት ሆቴል ወለል ስታጥብ ከረመች። ይህን የሰማሁት ከሌሎቹ ነው። ወዳጆች ከሆንን በኋላ፣ እኔ ስኪዳም እሷም እዚያው ጎረቤት ሮተርዳም እየኖርን፣ አንድ ቀን ተናደሽብኝ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

“በጣም” አለች። “ክርክሬ አሁንም ትክክል ነው።”

“ታዲያ ለምን እንዲያ ደከምሽልኝ?”

“ተሸነፍኩ እኮ” አለች፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማስረዳት እንዴት ያስፈልጋል በሚል ፊት።

ገዥያቸው ከወደቀ በኋላ መምህርቷ አገራቸው ገብተው ማስተማር ጀምረዋል። እኔ የፖለቲካ ሳይንስ ተምሬያለሁ፤ ስለ ዜግነት ብዙ አንብቤያለሁ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩን ሰው ሆኖ ያየሁት በዚያች ነርስ ነው።

እዚህ ያለነው ኢትዮጵያውያን አንድ ማኅበር ነበረን። አሁን ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ በድምፅ የተሸነፈው ወገን ሁልጊዜ ቦርሳውን አንሥቶ ይወጣና ሌላ ያቋቁማል። በቅርቡ በተደረገው ስብሰባ የልጆቹ የአማርኛ ትምህርት ሮተርዳም እንዲሆን ያቀረብኩት ሐሳብ ወደቀ፤ ሄግ ተባለ። ሰብሳቢው መናገሩን አቁሞ አየኝ፤ ሌሎቹም ከወንበሬ እስክነሣ ጠበቁ። ሐሳቤ ይሻል እንደነበር አሁንም አምናለሁ። ትምህርቱ የሚጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቅኩና የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ እንዳስተምር አስመዘገብኩ።