ሐውልቱ፣ ቢጫውና የእኔ አፍ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከአምስት ዓመት በፊት፣ ፋሲካ ባለፈ ሰሞን፣ በራሴ ሰርግ፣ በመልሱ ቀን ነው። እኔ ስድስት ዓመት ይመስለኝ ነበር፤ ባለቤቴ ሰብለ ግን «የሰርጉን ዓመት የሚረሳ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላ አርማኛለች። ዓመቱን ልርሳ እንጂ ቀኑን አልረሳውም። ሰው ደስ ሊለው በሚገባ ቀን ያፈርኩት ማፈር እስካሁን ጆሮዬን ያግለዋል።

ያኔ እንጅባራ፣ እኛ ቆሰበር የምንላት ከተማችን፣ መናኸሪያው አጠገብ ዘፈን መጫኛ ሱቅ ነበረችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስፒከርና አንድ አግዳሚ ወንበር። ሰው የስልኩን ሚሞሪ አውልቆ ይሰጠኛል፣ እኔ ዘፈን እጭናለሁ። እስኪጫንለት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሐውልቱና ከቢጫው ማን ይበልጣል?

ሁለቱም በየሰርጉ ኦርጋን የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ልጆች ሳሉ በየከተማቸው ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንድ የድሮ የፈረንጅ ክሊፕ እያዩ ነው ያደጉት ይባላል። ፊታቸውን የተቀቡ፣ ፀጉራቸውን ያቆሙ፣ ጊታርም ከበሮም ሳይዙ በኦርጋን ብቻ የሚዘፍኑ ፈረንጆች። ከዚያ ክሊፕ ሐውልቱ ዝም ብሎ መቆሙን ወሰደ፤ ቢጫው የቀረውን ሁሉ ወሰደ።

ሐውልቱ የዳንግላ ሰው ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከኦርጋኑ ኋላ ይቆማል። አይስቅም፣ አይወዛወዝም፣ ከጣቶቹና ከከንፈሩ በቀር ምኑም አይነቃነቅም። ዝንብ ግንባሩ ላይ ብታርፍ እንኳ እሽ አይላትም።

ቢጫው የእኛው የቆሰበር ልጅ ነው። ቢጫ የዝናብ ልብሱን በበጋም በክረምትም አያወልቅም። ቦቲውን ብርማ ቀለም ቀብቶታል። ኦርጋኑን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ የሙሽራዋን አያት ሳይቀር አስነስቶ ያስጨፍራል። በትክክል ከሚጫወተው የሚስተው ይበዛል፤ ለዚያ ግን ማንም ግድ አልነበረውም።

እኔ የቢጫው ደጋፊ ነበርኩ። ሱቄ ውስጥ ሐውልቱን ያደነቀ ሰው ዘፈኑ ቶሎ አይጫንለትም።

አንድ ቀን ሐውልቱ ራሱ ሱቄ መጣ። ፍላሽ አውጥቶ የሰርግ ዘፈኖች ጫንልኝ አለኝ። ጫንኩለት። ገና መናኸሪያውን ሳይሻገር ወንበሩ ላይ ለነበሩት «አያችሁ? ከእኔ ወስዶ ነው የሚያጫውተው! ፍላሹን ይሰካል፣ ወይ ዴሞዋን ይጫንና ይቆማል» አልኳቸው። ዴሞ ማለት ኦርጋን ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ናት፤ ከተጫኗት ማሽኑ ራሱን በራሱ ይጫወታል። የሰው ሚሞሪ ስከፍት ስለምውል የሰው ሆድ የከፈትኩ ይመስለኝ ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ምሳ ሳይደርስ ዳንግላ ገባ። ሰውዬውን «ዴሞ» ይሉት ጀመር። ለሰርግ የጠሩት ሰዎች ቀረብን አሉት። አንዱ ደጋሽማ ኦርጋኑን ተሸክሞ ከመጣ በኋላ ከበር መለሰው ሲባል ሰማሁ። እኔ ሳቅሁ።

ሰብለን ያገባሁት በዚያው ዓመት ነው። የዳንግላ ልጅ ናት። ሐውልቱ ከእነሱ ቤት ጀርባ ተከራይቶ ይኖር ስለነበር «ሲለማመድ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ የምርም ይጫወታል» ብላ ስንት ጊዜ ነገረችኝ። «የሰማሽው ፍላሹን ነው» እላታለሁ። በመጨረሻ ተስማማን። ለሰርጉ ቆሰበር እኛ ቤት ቢጫው፣ ለመልሱ ዳንግላ አባቷ ቤት ሐውልቱ ሊጫወት።

በሰርጉ ቀን ቢጫው የአንድ እግር ቦቲው በርሮ ሽማግሌዎቹ ትሪ አጠገብ እስኪወድቅ ድረስ ጨፈረ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በሳምንቱ ለመልሱ ወደ ዳንግላ ስንሄድ ቢጫውንም ይዤው ሄድኩ። ተንኮል አስቤ ነበር። ድግሱ ሲሞቅ አንደኛ ሚዜዬ ድንገት ተነስቶ ፍላሹን ከኦርጋኑ ላይ ሊነቅለው ተስማምተናል። ሙዚቃው ቀጥ ይላል፣ ሰው ይስቃል፣ ሰብለም ትረታለች። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ማን ቤት እንደሚጠራ አላሰብኩም። እውነቱን ልናገር ካልኩ አስቤ ነበር፤ ግን ቀልዱ በለጠብኝ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። የዳሱ ሸራ ላይ እየወረደ እርስ በርስ መስማት አቃተን። ሐውልቱ እንደ ልማዱ ተገትሮ ይጫወታል፣ ደጋሹና ዘመዱ ግን በጎን እያዩት ይንሾካሾካሉ። የሰብለ አክስቶች ከአዘና በኩል ጭቃው አዘግይቷቸው ገና መግባታቸው ነበር። ትልቋ አክስት፣ እትዬ ዘውዴ፣ በአገውኛ እየዘፈኑ ከፊት ገቡ። ሰብለ አጠገቤ ሆና በስልኳ ትቀርጻቸዋለች። ሚዜዬ ሊነሳ ወንበሩን ገፋ ሲያደርግ መብራት ጠፋ። ስፒከሩ ጸጥ አለ።

«በቃ! ፍላሹም ዴሞውም አለቀ!» ብዬ ጮህኩ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አማቴ ብቻ አልሳቁም። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ሐውልቱ መነጽሩን አወለቀ። ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም። ከቦርሳው ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች አወጣ፣ ኦርጋኑን ገልብጦ አንድ በአንድ ከተተ፣ መልሶ አቆመው። ከዚያ አንገቱን ወደ እትዬ ዘውዴ ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። አንድ ቁልፍ ነካ፤ አልሆነም። ሌላ ነካ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸውን አገኘው። ከዚያ በኋላ እሳቸው ሲወጡ አብሮ ይወጣል፣ ሲወርዱ አብሮ ይወርዳል። በኦርጋኑ ትንሽዬ ድምፅ ላይ ዝናቡ ይወርድበታል፤ ሰው ለመስማት ብሎ አንገቱን አሰገገ።

እኔ አገውኛ አልሰማም። ያንን ዘፈን ግን ሱቄ ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ፤ በማንም ፍላሽ ውስጥ የለም። ሚዜዬ ጎንበስ ብሎ የኦርጋኑን ጀርባ አየና ባዶ መዳፉን አሳየኝ።

«ይሄንስ እኔ አልችለውም» አለኝ ቢጫው።

«ምኑን?»

«መስማቱን።»

በዚህ መሀል ሸራው ተቀዶ ኖሮ ውኃ ኦርጋኑ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ቢጫው ተነሳ። ያንን አውልቆት የማያውቀውን የዝናብ ልብስ አወለቀና ከሐውልቱ ጣቶች በላይ በሁለት እጁ ዘርግቶ ያዘው። ከሥር የለበሰው ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ ነበር። ውኃው በአንገቱ እየገባ ዘፈኑ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለም። ያን ቀን ሐውልት የሆነው እሱ ነው።

እትዬ ዘውዴ ሲጨርሱ ወደ ሐውልቱ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ይህን ዘፈን ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ፣ አሁን» አላቸው።

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሰው ሲበተን ሐውልቱ ኬብሉን ሲጠቀልል አገኘሁት። ሱቄ ሲመጣ አንተ ያልኩትን ሰው አንተ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

«ያንን የዴሞ ወሬ ያስወራሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«እያወቁ መጡ?»

«የሰብለ መልስ ነዋ! ልጅ ሆና እኔ ስለማመድ በግድግዳው ወዲያ ሆና ‹እሱን ድገመው› ትለኝ ነበር። ያኔ ከእሷ በቀር የሚሰማኝ አልነበረም።»

«እና ዘፈኑን ከእኔ ለምን አስጫኑ?»

ገርሞት አየኝ። «ሳልሰማው እንዴት እጫወተዋለሁ?»

ለምን እንደማይነቃነቅም ጠየቅሁት። «ከተነቃነቅሁ እሳሳታለሁ» አለኝ። እኔ ለዓመታት ትዕቢት ነው እያልኩ ሳወራ ነበር። ስሙን የጠየቅሁትም ያኔ ነው። ዓለምነው ይባላል። ይቅር ይበሉኝ ስለው እጄን ጨበጠኝና ቢጫው ይጠብቀው ወደነበረበት ባጃጅ ኦርጋኑን ይዞ ሄደ።

ወሬውን ለማሰራጨት ግማሽ ቀን በቅቶኝ ነበር፤ ለማጥፋት ሁለት ዓመት አልበቃኝም። ሰብለ የቀረጸችውን አውጥቼ፣ «ዓለምነው» ብዬ ስሙን ጽፌ፣ ሱቄ ለሚመጣ ሁሉ ሚሞሪው ላይ አስቀድሜ እጭንለት ጀመር። መጀመሪያ ላይ የእኔ ጩኸት አለበት። ልቆርጠው ስል ሰብለ «እሱን ከቆረጥህ ዘፈኑም ይቅር» አለችኝ። አልቆረጥኩትም።

አሁን ያ ሁሉ አልፏል። ሚሞሪ የሚያስጭን ሰው ስለጠፋ እኔም የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ። ሰርጉን ሁሉ ዲጄ ወሰደው። ቢጫው ባሕር ዳር ሄዶ መለዋወጫ ይሸጣል አሉ፤ የዝናብ ልብሱን ለዓለምነው ኦርጋን ማልበሻ ትቶለት ነው የሄደው። ዓለምነው አልፎ አልፎ ገጠር ሰርግ ይጠራል። ያ አግዳሚ ወንበርና ያ ክርክር ግን ይናፍቁኛል። ዛሬ ማን ይበልጣል ብሎ የሚጠይቀኝ ባገኝ ጥሩ መልስ ነበረኝ።

ባለፈው ሰኔ ከከተማችን ዩኒቨርሲቲ በኩል በባጃጅ ስመለስ ሾፌሩ ዘፈን ከፈተ። ዝናብ ሸራ ሲመታ ተሰማ፣ ከዚያ የሴቶች ድምፅ፣ ከዚያ «በቃ! ፍላሹም ዴሞውም አለቀ!» የሚል ጩኸትና ሳቅ። ሾፌሩ ጎልማሳ ነው፤ አያውቀኝም። ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄን ዘፈን እንዴት እንደምወደው!» አለኝ። «ይህ መጀመሪያ ላይ የሚጮኸው ባለጌ ብቻ ማን እንደሆነ እንጃለት።»

ዝም ብዬ ልወርድ እችል ነበር። ኦርጋኑ ሦስተኛዋን ቁልፍ እስኪያገኝ ጠበቅሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።