የሁመድን ወንበር ይዤ በአሰብ መንገድ

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች መገልገያ በሚሠራ አንድ የመንግሥት ወርክሾፕ የብረት ሠራተኛ ነበርኩ። ከውኃ ቧንቧና ከብስክሌት ጎማ ተሽከርካሪ ወንበር እንሠራለን፤ ክራንችና የሕመምተኛ አልጋም እንዲሁ። ወንበሮቻችን በአብዛኛው ወደ ሆስፒታል ስለሚሄዱ የሚቀመጥባቸውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄጄ አይቼ አላውቅም። አንድ የጥር ወር ግን ታደሰ የሚባል የጤና ጣቢያ ድሬሰር ከሎጊያ ደብዳቤ ላከ። ሁመድ የተባለ የአፋር ሽማግሌ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ወገቡ ስለተሰበረ ወንበር እንድንሠራለት ይጠይቃል፤ የዳሌውንና የእግሩን ልክ አስቀምጧል። አገሩ አሸዋማ ስለሆነ ወንበሩን የሠራሁት እኔው ይዤ እንድሄድና እዚያው እንዳስተካክል ታዘዝኩ። መሣሪያዬን ሸከፍኩና ተነሣሁ።

ሰኞና ማክሰኞ፣ አዋሽ

ወደ አሰብ ባዶውን የሚወርድ ተሳቢ መኪና አገኘሁ። ሾፌሩ ጋሽ ይማም የወሎ ሰው ነው፤ ወንበሩን ከካቢኑ ጀርባ በገመድ ሲያስር ሁለት ጊዜ ዞሮ ዞሮ አየው።

«ኢንጂነሩ፣ የምትሰጠውን ሰው ታውቀዋለህ?»

«ልኩ በእጄ ነው ያለው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብህ ብቻ» አለና ሞተሩን አስነሣ።

ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀቴ ሦስት ጊዜ ተነበበ። አንዱ ጥበቃ «ጓድ፣ ይህ ለማን ነው?» ብሎ ወንበሩን አስወርዶ ተቀመጠበትና ወዲያ ወዲህ ካለ በኋላ አሳለፈን። አዋሽ ሰባት ኪሎ አድረን ጠዋት ቀይ ወጥ በዳቦ በላን። በሰባት ሰዓት ገዋኔን ስናልፍ ሙቀቱ የካቢኑን በር በእጅ አላስነካ አለ። ጋሽ ይማም ከመንገድ ዳር ሐብሐብ በሃምሳ ሳንቲም ገዛ፤ ለብ ያለ ነበር፤ ቢሆንም ቅርፊቱ እስኪነጣ ጋጥነው።

ረቡዕ፣ ሎጊያ

ታደሰ የጎንደር ልጅ ነው፤ አፋርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ጋሽ ይማም ወደ አሰብ ሲቀጥል እኔና ታደሰ ወንበሩን በአህያ ጋሪ ጭነን ወደ ሁመድ መንደር ሄድን። መንደሩ ዛሬ ሰመራ ከተማ በቆመበት ሜዳ ጫፍ ነበር። ያኔ እዚያ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነበር።

ሁመድ ከሰሌን በተሠራ ዝቅ ያለ ጎጆው ደጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ጢሙ በሂና ቀልቷል፤ ከሾፌሮች የለመደው አማርኛም አለው። በመንገድ ላይ ታደሰ ነገሩን አጫውቶኝ ነበር። በሁለት ጎሣዎች መካከል በውኃ ጉድጓድ የተነሣ ጠብ አለ፤ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሽማግሎች ከመንደሩ ግራር ሥር ይሸመግላሉ። የጉድጓዱን ነገር ከአባቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሁመድ ነው። ከወደቀ ወዲህ ግን እንደ ጆንያ ተሸክመውኝ አልሄድም ብሎ ከሸንጎ ቀርቷል። ከጥላው ሥር ያልተቀመጠ ሰው ቃል ደግሞ አይቆጠርም።

ሦስት ሰው ሆነን አነሣነውና ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። ዙሪያውን አየት አየት አደረገ። «አላህ ይስጥልኝ» አለኝ። የግመል ወተት አቀረቡልኝ፤ ጠጥቼ ሎጊያ ተመለስኩና ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ወደ መንደሩ ስሄድ ሁለት ሴቶች ወንበሬን እየገፉ ከወንዝ ሲመጡ አገኘኋቸው። መቀመጫው ላይ ሁለት ጀሪካን ውኃ ታስሯል። ቆሽቴ አረረ። ሁመድ እንደ ትናንቱ ምንጣፉ ላይ ነው።

«አልወደድከውም?» አልኩት።

«ጥሩ ነው። ውኃ ያመጣል።»

«እኔ ለአንተ ነው የሠራሁት።»

በበትሩ ግራሩን አመለከተኝ። ሁለት ሽማግሎች ከጥላው ሥር ቁጢጥ ብለው፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ ግንባር ለግንባር ሊነካኩ እስኪደርሱ ተቀራርበው ያወራሉ። ዳጉ እየተቀባበሉ ነው፤ አፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚነጋገርበት ወግ።

«ሰው ግመል ላይ ሆኖ ዳጉ አይጠይቅም፤ ይወርዳል» አለ ሁመድ። «በአንተ ወንበር እኔ ከላይ፣ እነሱ ከታች። ሽማግሌ አንገቱን ሰቅሎ ያየኛል? ነውር ነው።»

የዳሌውን ልክ በሚሊሜትር አውቀዋለሁ፤ ሰውየው መሬት ላይ ከሚቀመጡ ሰዎች ጋር እንደሚቀመጥ ግን አልጠየቅኩም። ደብዳቤው ላይ ስላልነበረ ነው እንዳልል፣ የወንበር ከፍታ የሚወስነው የእኔ እጅ ነው።

«ምን ያህል ላውርደው?»

ሁመድ እጁን ዘርግቶ አንድ ስንዝር ከመሬት ለካልኝ።

ወንበሩን ሎጊያ ወስጄ ከከባድ መኪና ጋራዥ የብየዳ ማሽን ለመንኩ። መጋዙን ቧንቧው ላይ አሳረፍኩ፤ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ያለ ትእዛዝ ነው የምቆርጠው። ቆረጥኩት። መቀመጫውን በሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች መካከል ዝቅ አድርጌ በየድኩት። አሸዋ ውስጥ የሚሰምጡትን የፊት ጎማዎች ነቅዬ በአንድ ወፍራም የእጅ ጋሪ ጎማ ተካኋቸው። ሲያልቅ መልኩ አላማረም።

ጁምዓ

ሁመድ ምንጣፉን በእጁ ተደግፎ፣ ማንም ሳያነሣው፣ ራሱ ወንበሩ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ ነው የከፍታው ነገር ሌላም ትርጉም እንዳለው የገባኝ። እየገፋ ሄደ፤ ድንጋዩ ያዘው፤ ሊረዱት የተነሡትን በእጁ መለሳቸው። ግራሩ ሥር ሲደርስ ሽማግሎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። እጅ ተሳሳሙ፤ ዳጉ ተጀመረ። አፋርኛውን አላውቅም፤ ሁመድ ሲናገር ግን ሌላው ዝም ማለቱን አየሁ። ደስ አለኝ፤ እንዲያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

መልስ

ጋሽ ይማም ከአሰብ ጭኖ ቅዳሜ ወሰደኝ። ሚሌ ላይ መኪናው ተበላሽቶ ሁለት ቀን ተቀመጥን፤ ሌሎች መኪኖች እያለፉን ሄዱ። እኔ በልቤ ሪፖርቴን እጽፋለሁ፦ ‹ወንበሩ ደርሷል፣ ተረክበዋል።› ስለ መጋዙ ምን አናገረኝ?

አዋሽ ሻይ ቤት ስንገባ አይቼው የማላውቅ የአፋር ሽማግሌ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«የሁመድን ወንበር የሠራኸው አንተ ነህ?»

«ማን ነገረህ?»

«ዳጉ። መጀመሪያ ከፍ አድርገህ ሠራህ። ሴቶች ውኃ ጫኑበት። ሐሙስ ቆረጥከው። ጁምዓ ሁመድ ተናገረ፣ የጉድጓዱ ነገር አለቀ። የቀረ አለ?»

«የለም» አልኩ።

ጋሽ ይማም ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። «ወላሂ፣ ኢንጂነሩ፣ ወሬህ ከአንተ ቀድሞ ገብቷል!»

አዲስ አበባ ደርሼ ሪፖርቴን ጻፍኩ። ከዚያ ጉዞ ያገኘሁት ትምህርት ሁለት ነው፤ ሰውን ከመለካቴ በፊት አዋዋሉን ማየት፣ ያጠፋሁትንም ሳልጨምር ሳልቀንስ መናገር። ስለዚህ ሽማግሌው በነገረኝ ቅደም ተከተል፣ ከፍ አድርጌ መሥራቴን፣ ውኃ መጫኑን፣ ያለ ትእዛዝ መቁረጤን ሁሉ አሰፈርኩ። አለቃዬ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ማንም ያላየውን ነገር ለምን ጻፍከው?»

«ጓድ፣ እኛ ብቻ ነን ያልሰማን» አልኩት።