ሎሚ የገባበት ባልዲ

ቴኔ በኬኔማ ከተማ ጨርቅ እያቀለመች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ብዙ ነገር ችላ ኖራለች፤ የሟች ባሏን ታላቅ እኅት የእትዬ ሜሲን እጅ ግን መቻል አቃታት። ያ እጅ የማይነካካው ነገር አልነበረም።

ኢቦላ ከተማው ውስጥ ከገባ ወዲህ ቴኔ ጠዋት ጠዋት ሁለት ባልዲ በረኪና ትበጠብጣለች። ቀጭኑ ለእጅ ነው፤ ወፍራሙ ለወለል። ወለሉን አስቀድማ በሳሙና ታጥብና በንጹሕ ውሃ ታለቀልቀዋለች፤ በረኪናው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። በሩንም ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። እትዬ ሜሲ ከኋላ ከኋላዋ እየሄደች በሩን ትዘጋለች፤ የባልዲውን ክዳን ከፍታ ትተዋለች፤ በረኪናው ሲጎድልም የጉድጓድ ውሃ ትሞላበታለች።

«ሞልቶ ሲታይ ያምራላ!»

«ለማማር አይደለም እኮ የተቀመጠው፣ እትዬ ሜሲ! ውሃ ከሆነማ ምን ይገድላል?»

«አንቺ ቀለምሽ ላይ ውሃ አትጨምሪም?»

ቴኔ በሩን መልሳ ከፍታ ትወጣለች።

የእትዬ ሜሲ ዋና ቅሬታ ግን ሌላ ነበር። ሩዙን ከካሳቫ ቅጠሉ ጋር ጠቅልላ ስትጎርስ ጣቷ በረኪና በረኪና ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ የዓሣ ጠረን ከእጇ ያስለቀቀችው በሎሚ ነው። ታዲያ በረኪናስ በምን ይለቃል?

አንድ ዝናባማ ቀን ቴኔ ከገበያ ስትመለስ ልጇን ጄቤን ከቤት ወጥታ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ጄቤ መውለጃዋ ተቃርቧል። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሳሉ አልቆም ብሏት ያስመልሳታል። ጎረቤቱ ራቅ ብሎ ቆሟል። ከፊታቸው፣ የታመመ ሰው እንዲጠቁም ሰፈሩ የመረጠው ቫንዲ ስልኩን ይዟል።

«እማማ ቴኔ፣ እንዳይነኳት! የኢቦላ ምልክት ነው፤ መጥተው እንዲወስዷት ለሐኪሞቹ ልደውል ነው።»

ቴኔ ወደ ልጇ አንድ እርምጃ ቀርባ ቆመች። ልጇ ዛሬ ከተወሰደች ከታመሙት ጋር ልታድር ነው፤ ያልያዛትም ቢሆን እዚያ ሊይዛት ይችላል። በዚህ መሐል ከቤት የሚወጣው ሽታ አፍንጫዋን ቆረጠው። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ብታይ የወለሉ ባልዲ ላይ የተጨመቀ ሎሚ ልጣጭ ይንሳፈፋል። በሩ ከነመስኮቱ ተዘግቶ ነበር።

«እትዬ ሜሲ!»

«ምን አደረግሁ? ሽታው እንዲጠፋ ብዬ ነው።»

«ያውም የወለሉ ውስጥ?»

«የቱ የእጅ፣ የቱ የወለል እንደሆነ ማን ያውቃል? ሁለቱም ባልዲ ነው!»

«በረኪና ላይ ሎሚ ሲገባ መርዝ ይጨሳል! ልጄን በጢስ ሊፈጇት!»

«ሎሚ መድኃኒት ነው» አለ ቫንዲ ከወዲያ ሆኖ። «ሎሚ ሰው አያሳምምም።»

«እንግዲያ ና፣ ደፍ ላይ ቆመህ አሽትት።»

መጣና አሸተተ። ወዲያው እየሳለ፣ እንባውን እየጠረገ ወደ ኋላ ተንደረደረ።

«ቫንዲ፣ ዓይንህ ቀላሳ! ላንተም እንደውል?»

ጎረቤቱ ሳቀ። ቫንዲ አልሳቀም። የትኩሳት መለኪያውን አውጥቶ ጄቤን ራቅ ብሎ ለካት፤ ትኩሳት የላትም።

«ጠዋትና ማታ እየመጣሁ እለካታለሁ። ካተኮሳት ግን እደውላለሁ።»

«ያኔ እኔው ራሴ እደውላለሁ» አለች ቴኔ። በሩንና መስኮቱን ከፈተች፤ ትንፋሿን ይዛ ባልዲውን ሜዳ ላይ አወጣች። ነፋሱ ሲነፍስ የጄቤ ሳል ቀስ በቀስ ረገበ፤ ውሃም ጠጣች።

ራት ሲቀርብ ቴኔ እትዬ ሜሲ ፊት ማንኪያ አኖረች።

«እኔ ሕፃን ነኝ?»

«ሕፃን ቢሆኑማ ይታዘዙኝ ነበር።»

እትዬ ሜሲ እያጉረመረመች በማንኪያው በላች። ጄቤ አንድ ጊዜ ስትስል ግን መብላቷን አቆመችና፣ ማንም ሳያዛት ተነሥታ በሩን ይበልጥ ከፈተችው። ስትመለስ የእጁ በረኪና ባልዲ አጠገብ ቆም አለች፤ እጇ ወደ ክዳኑ ሄደ።

«እትዬ ሜሲ!»