የበረዶ ጫማ በሰጋቱራ ላይ

ዛሬ ጠዋት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአክስቴን ቁም ሳጥን ሳራግፍ፣ ከነጠላዎቻቸው ሥር አንድ ጥቁር የላስቲክ ማሰሪያ ወጣ። ዘለበቱ ዝጓል፣ ላስቲኩም ጫፉ ላይ ተሰነጣጥቋል። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ግን ያ ሽታ አሁንም አለ፤ ፀሐይ ያሞቀው ላስቲክና የጥድ ሰጋቱራ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ሥራዬን ረሳሁት። አንቺ ልጄ ያወቅሻቸው ካረጁ በኋላ ስለሆነ ብነግርሽ አታምኚም፤ እኚያ ሴት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ በአትላንታ የሐምሌ ወበቅ፣ የበረዶ ጫማ አጥልቀው ሲንጎራደዱ ይውሉ ነበር።

ያኔ የምንኖረው እዚያው አትላንታ አጠገብ፣ ስኮትዴል ነበር። ከሱዳን ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። ከአፓርታማችን ጀርባ፣ የባቡር ሐዲዱን ተሻግሮ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ትንሽ ወርክሾፕ ነበረው። ከሰሜን፣ በረዶው እስከ ጉልበት ከሚደርስበት አገር የመጣ ሰው ነው። ሚስቱን ብርዱ ስላልተስማማት ይዟት መጥቶ፣ እሷ ስትሞትበት እዚሁ ቀርቷል። የበረዶ ጫማ የሚሉት፣ ሰው በረዶው ውስጥ እንዳይሰምጥ ከጫማው ሥር የሚያስረው ሰፌድ የሚያህል ነገር ነው። የእሱ ሥራ እግርን ከሰፌዱ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ነበር። አዳዲስ ማሰሪያዎች ሰፍቶ፣ የትኛው ለእግር እንደሚመች፣ የትኛው እንደሚበረክት፣ የትኛው ቶሎ እንደሚታሰርና እንደሚፈታ ማወቅ ፈለገ። አትላንታ ደግሞ በረዶ የለም። ስለዚህ የጓሮውን ቀይ አፈር በሰጋቱራ ሞላውና፣ በረዶ በዓይናችን አይተን የማናውቀውን እኔንና አክስቴን ፈታኝ አድርጎ ቀጠረን።

ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ብርሃኑ ነው። ጠዋት ፀሐይ በጥዶቹ መሐል ስትገባ፣ እግራችን ያስነሣው ብናኝ አየሩ ላይ ወርቅ ሆኖ ይንሳፈፋል። አክስቴ ነጠላቸውን መስቀለኛ ታጥቀው፣ ለፈተናው ወፍራም የሱፍ ጓንት እጃቸው ላይ አጥልቀው፣ ሰፌዳቸውን እየጎተቱ በዚያ ወርቅ ውስጥ ቀስ ብለው ያልፋሉ። ዛፉ ላይ ያሉት ነፍሳት ያለማቋረጥ ይጮኻሉ። ሽርክት፣ ሽርክት ይላል ሰጋቱራው። አለቃችን በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ኮቴ የሚመስለውን ያንን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። አንዳንዴ ስንቆም «ትንሽ ሂዱልኝ» ይለናል፣ የሚፈተን ነገር ባይኖርም። ሲመሻሽ ማሰሪያዎቹን ፍሪዘር ውስጥ፣ ከአይስክሬሙ ጎን ይከታቸዋል። በማግሥቱ እንደ እንጨት ደርቀው ሲወጡ እያጎበጥን ይሰነጠቁ እንደሆነ እናያለን። አክስቴ ቀዝቃዛውን ላስቲክ ጉንጫቸው ላይ አድርገው «እሰይ» ሲሉ አሁንም ይሰማኛል።

ችግሩ የአክስቴ ይሉኝታ ነበር። የሰው እጅ የሠራውን ነገር፣ ያውም እንጀራ የሰጣቸው ሰው የሠራውን፣ ፊቱ ላይ ማጣጣል ለእሳቸው ነውር ነው።

«እትዬ፣ ኮምፈርተብል ነው ወይ እያለዎት ነው» እላቸዋለሁ።

«በጣም ጥሩ ነው፣ እጁ ይባረክ በይው።»

«ይቺኛዋስ? እሷንም ትራይ አድርገዋታል።»

«እሷም ደህና ናት። ተመስገን።»

እኔም ከእሳቸው ብሼ በእንግሊዝኛ «ጉድ» ከማለት ሌላ አላውቅም። ሁሉም ጥሩ፣ ሁሉም ደህና። ሰውየው ጭንቅላቱን ያካል። ከሁሉ የሚወዳት ሰፊ ዘለበት ያላት ማሰሪያ ነበረች፤ እሷንም አክስቴ ስላመሰገኗት፣ በብዛት ሊያሠራት ወስኖ ነበር። ማታ ማታ ግን አክስቴ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ሞቅ ያለ ውኃና ጨው ውስጥ ነክረው፣ በሩን ዘግተው ይቆያሉ። ስጠይቃቸው «ደክሞኝ ነው» ይሉኛል። ከአገር ስንወጣ በእግር በተጓዝንበት መንገድም እንዲሁ ነበሩ። ሱዳን ደርሰን ጫማቸውን እስካወልቅላቸው ድረስ እግራቸው መቁሰሉን አላወቅኩም። አንድ ቀን ይሄ ዝምታቸው እሳቸውን ይወስድብኛል ብዬ እፈራ ነበር። ከእሳቸው ሌላ ማንም አልነበረኝም።

አንድ ቀን አለቃችን ያቺን ማሰሪያ ይዞ መጥቶ አጠገባቸው ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ተቀመጠ። እኔን እያየ ቀስ ብሎ ተናገረ፣ እኔም አስተረጎምኩ። ወጣት ሳለ ወንድሙ በረዶ ላይ ማሰሪያው ተፈትቶበት፣ እጁ ደንዝዞ መልሶ ማሰር አቅቶት እዚያው ቀርቷል። «ይህንን የሚያስረው የሰው ልጅ ነው። ጥሩ ካሉኝ ወደ ሰሜን እልከዋለሁ» አለ።

አክስቴ እግራቸው ላይ የነበረችውን ጥንዷን ፈትተው ጫማና ካልሲያቸውን አወለቁ። ተረከዛቸው ተልጦ፣ ካልሲው ላይ ደም ደርቋል። ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«በይው ልጄ» አሉኝ፣ «ይቺ እግር ታሳምማለች። ተረከዝ ትበላለች። ዘለበቷም በጓንት አትያዝም፣ ሦስቴ ከእጄ አምልጣለች። ለራሴ ቢሆን እችላት ነበር። የእናት ልጅ በእሷ ምክንያት በረዶ ላይ ከሚቀር ግን አትሂድ።»

ሕመም የሚል ነገር ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ ደስ ማለቴም አሳፈረኝ። ከዚያች ቀን በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። አንዷን «ችኩል» አንዷን «ልፍስፍስ» እያሉ ይሰድቡልሽ ጀመር። ሰውየው እየሳቀ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ያመጣል። በመጨረሻ የተስማሙባት ተረከዟ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ያላት፣ በአንድ ጉተታ የምትጠብቅ ነበረች። አሁን እጄ ላይ ያለችው እሷ ናት።

ሰውየው በኋላ ወርክሾፑን ሸጦ ወደ በረዶው ተመለሰ። እኛም ከከተማው ወጣ ብሎ ስኔልቪል ቤት ገዛን።

ዘንድሮ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ፣ ነርሷ በየሰዓቱ ሕመማቸውን ከአንድ እስከ አሥር እንዲመዝኑ ትጠይቃቸዋለች። «ደህና ነኝ፣ እጇ ይባረክ በያት» ይላሉ፣ ግንባራቸው ላቡን እያፈሰሰ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከእግራቸው በኩል ተቀመጥኩና ተረከዛቸውን ያዝኩት። ጠባሳው አለ።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ነገ እዚህ አልጋ ላይ ሌላ ሰው ይተኛል። የእናት ልጅ ነው። ምኑ ላይ እንደሚያም ይንገሩኝ፣ ለእሱ ስንል እናስተካክለው።»

ገብቷቸው ፈገግ አሉ። ያቺ የድሮዋ ፈታኝ መጣች።

«ትራሱ ጎርባጣ ነው» አሉ። «መርፌው የገባበት ክንዴ ይለበልበኛል። ወገቤ ላይ ቢላ አለ፣ እሱን ንገሪያት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ይሄ እጅሽ ግን ጥሩ ነው። አይጠብቅም፣ አይላላም። እንዲህ ይሁን።»

ነርሷን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። መድኃኒቱን ስትጨምርላቸው ግንባራቸው ተፈታ። እጄን ሳላነሣ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ቀስ እያለ እስኪሄድ ድረስ፣ ተረከዛቸውን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።