«ጥሩ ነው» ያልኩት ወይን

ያንን ጉዞ ባስታወስኩ ቁጥር እስካሁን በራሴ እናደዳለሁ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ከብሉር ጎዳና ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ግን ሰሃን ለማጠብ ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤት ቁጡ ግን ቀና ፈረንሳዊት ነበረች። ከጠርሙስ የተረፈውን ወይን እያስቀመሰችኝ «ምላስህ የተለየ ነው» ትለኝ ጀመር። በኋላም የወይን ኃላፊ ልታደርገኝ አሰበች። ከዚያ በፊት ግን አብሬያት ፈረንሳይ፣ የወይን አገሩ ቦርዶ ሄጄ የቅርብ ዓመታቱን ምርት መቅመስና ማስመረጥ ነበረብኝ። ካወቅሁበት ሹመቱ የኔ ነው።

ገና አውሮፕላን ላይ ሳለን ጉንፋን ያዛት። አፍንጫዋ ድፍን አለ፤ ማሽተት የማይችል ሰው ደግሞ ወይን ቀምሶ አይለይም። «በቃ፣ አፍንጫዬ አንተ ነህ» አለችኝ። እኔም ኮራሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት የወይን ጠማቂዎች ቤት ገባን። ቀማሽ እንዳይሰክር የቀመሰውን የሚተፋበት ባልዲ በየቤቱ ይቀርባል። ሰው በገዛ እጁ የቀዳልኝን መጠጥ ፊቱ ቆሜ እንትፍ እንድል! አልሆነልኝም፤ ስውጥ ዋልኩ። ጭንቅላቴ ከበደኝ እንጂ ምላሴስ አልሳተም።

በማግስቱ ጠዋት የደረስንበት ቤት ባለቤት ሰባ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ዳቦ ቆርሰው፣ አይብ ጨምረው አቀረቡልን። ሽማግሌው ጉልበታቸውን እየደገፉ በርሜሎቹ ወዳሉበት ምድር ቤት ቀድመውን ወረዱ። ሁለት መኸር በተከታታይ ዝናብ እንዳበላሸባቸው ነገሩንና ቀዱልኝ። ቀመስኩት። ውሃ ውሃ ይላል፣ ሲጨርስም ይመራል። እሳቸው ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«እንዴት ነው?» አለች አሠሪዬ፣ መሀረቧን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

ምን ነካኝ? ማን አስገደደኝ? ዳቧቸውን በልቼ፣ ቤታቸው ቆሜ ወይንዎ አይረባም ማለት ከበደኝ። ይሉኝታ ይሉታል፤ የኔ ግን ከዚያም አለፈ። ወጥተን ሁለት ሰዓት ሙሉ በመኪና ስንጓዝ ለእሷ ብቻ መንገር እችል ነበር። አንዴ ብያለሁ ብዬ እዚያም አፌን ዘጋሁ። እሷ ደግሞ እኔን አምና እዚያው አርባ ሣጥን አዝዛ ነበር።

ከሆቴሉ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ሰፈር ቤታችን ላለችው ሚስቴ ደወልኩ።

«እህስ፣ ፕሮሞሽኑ ምን ሆነ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ቴስት አድርገህ ንገረኝ ነው ያለችህ፣ ሂድና ሰው አክብርልኝ? አሁኑኑ ሩሟን አንኳኳና ኦርደሩን ካንስል ታድርግ!»

«ነገ እነግራታለሁ» አልኩ። በነጋም አልነገርኳትም።

ወይኑ ቶሮንቶ እስኪገባ ወራት ፈጀ። በየቀኑ ልንገራት እላለሁ፣ በየቀኑ እተወዋለሁ። የመጣ ዕለት አሠሪዬ አንዱን ጠርሙስ ከፈተች፣ አሸተተች፣ ተጎነጨች። ፊቷ ተለወጠ። ለእኔም ቀዳችልኝ።

«አሁን ንገረኝ» አለች።

«ቀጭን ነው፤ ውሃ ውሃ ይላል።»

«እዚያ ስንቀምሰውስ?»

«እዚያም ቀጭን ነበር።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አንስታ ለሽማግሌው ደወለች፤ በፈረንሳይኛ ብዙ አወሩ። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«እሳቸውም አይወዱትም» አለች። «ከጎኑ ካለ በርሜል የተሻለ ሊያስቀምሱን ተዘጋጅተው ነበር። አንተ ጥሩ ነው ስትል፣ ደንበኞቻችን እንዲህ ያለ ይወዳሉ ማለት ነው ብለው ተዉት።»

እኔ አላስቀይምም ያልኳቸው ሰው እውነቱን ብነግራቸው ቅር የሚላቸው አልነበሩም። የተጎዳችው እኔን ያመነችው ብቻ ናት። ይቅርታ አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች።

በዚያው ሳምንት የወይን ኃላፊነቱን ለሌላ አስተናጋጅ ሰጠች። እኔን ከሥራ አላባረረችኝም፣ ክፉም አልተናገረችኝም። አዲስ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር እንደ በፊቱ ሠራተኞቿን ሁሉ አሰልፋ ታስቀምሳለች፤ አንድ በአንድ «እንዴት ነው?» እያለች ትጠይቃለች። እኔ ጋ ስትደርስ ትቀዳልኝና ሳትጠይቀኝ ታልፋለች።